ፍሬደሪክ ዳግላስ በባልቲሞር የመርከብ መሥሪያ ግቢዎች፦ የአንድ ደፋኝ ሙያና የተነጠቀ ምንዳው

አጠቃሎ

ፍሬደሪክ ዳግላስ በይበልጥ የሚታወቀው በፀረ ባርነት ንግግሮቹ፣ በጋዜጠኛነቱና በደራሲነቱ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ከዚያ በፊት በነበረው የሙያ ሕይወቱ ላይ ያተኩራል፤ ይኸውም በባልቲሞር ወደብ መርከብ በሚሠራባቸውና በሚጠገንባቸው ግቢዎች ያሳለፋቸውን ዓመታት ይመለከታል። የጽሑፉ መከራከሪያ እነዚህ ግቢዎች ለዳግላስ አስተሳሰብ መፈጠሪያ ዋና ስፍራ ነበሩ የሚል ነው። መጻፍ የጀመረው በዚያ ነው፤ የጉልበቱን ዋጋ በዶላርና በሳንቲም ለክቶ ያወቀው በዚያ ነው፤ ከባርነት ያመለጠበትንም ዘዴ ያገኘው ከዚያው ነው። ነጻ ምድር ከደረሰ በኋላ ያው ሙያ በቆዳው ቀለም ምክንያት መከልከሉ ደግሞ፣ የሥራ መብት የሌለው ነጻነት ጎዶሎ መሆኑን አስተምሮታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

ስለ ዳግላስ ወጣትነት የምናውቀው አብዛኛው ነገር የሚገኘው እርሱ ራሱ በ1845፣ በ1855 እና በ1881 ካሳተማቸው ሦስት ግለ ታሪኮች ነው። ሦስቱም መጻሕፍት ስለ መርከብ ግቢው ይናገራሉ፤ አነጋገራቸው ግን እንደየዘመናቸው ይለያያል። የመጀመሪያው የተጻፈው ደራሲው ገና በሕግ የሌላ ሰው ንብረት በነበረበት ጊዜ በመሆኑ፣ ያመለጠበትን መንገድ ሆን ብሎ ሸሽጓል። ሁለተኛው የነጭና የጥቁር ሠራተኞችን ጠብ ምክንያት በሰፊው ይመረምራል። የማምለጫው ዝርዝር በመጽሐፍ የወጣው በ1881ዱ ሥራ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ባርነት ከተሻረ 16 ዓመት አልፎ፣ ረዳቶቹን የሚጎዳ ነገር አልቀረም ነበር። ተመራማሪው የመርከብ ግቢውን ታሪክ ለመረዳት ሦስቱን እያስተያየ ማንበብ ይኖርበታል።

በሳንቃ ላይ የተጻፈ ፊደል

ፍሬደሪክ በ1818 በሜሪላንድ ግዛት ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በታልቦት አውራጃ ተወለደ። እናቱ ሃሪየት ቤይሊ በባርነት ትኖር ስለ ነበር፣ ልጇም በሕጉ መሠረት ባሪያ ሆኖ ተቆጠረ። በ1826፣ በ8 ዓመቱ ገደማ፣ በሸራ መርከብ ተጭኖ ወደ ባልቲሞር ተላከ። የተላከውም የቶማስ ኦልድ ወንድም ወደሆነው ወደ ሂው ኦልድ ቤት ነበር። ሂው ኦልድ የመርከብ አናጢ ሲሆን፣ ቤቱም ፌልስ ፖይንት በሚባለው የወደብ ሰፈር ነበር።

ፌልስ ፖይንት በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከታወቁት የመርከብ መሥሪያ ሰፈሮች አንዱ ነበር። ከዚያ ይወጡ የነበሩት ቀጫጭንና ፈጣን የሸራ መርከቦች በብዙ ወደቦች ዝና ነበራቸው። ይኸው ፍጥነታቸው ከ1808 ወዲህ ከአፍሪካ ባሪያ ማምጣት በሕግ ሲከለከል፣ ከቁጥጥር ለማምለጥ በሚሹ የባሪያ ነጋዴዎች ዘንድ ተፈላጊ አደረጋቸው። በባርነት የሚኖሩ ሰዎች በሚያንጹት መርከብ ሌሎች ሰዎች ወደ ባርነት ይጋዙ ነበር ማለት ነው።

የሂው ሚስት ሶፊያ መጀመሪያ ላይ ለልጁ ፊደል ታስተምረው ነበር። ባልዋ ይህን በሰማ ጊዜ፣ ማንበብ የቻለ ባሪያ ለባርነት አይመችም ብሎ ከለከላት። ልጁ ግን ከክልከላው የተረዳው የንባብን ኃይል ነበር። ከዚያ በኋላ ማንበብን ከሰፈሩ ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ በልመናና በብልሃት ተማረ። መጻፍን የተማረው ግን ከመርከብ ግቢው ነው።

ዳርጊንና ቤይሊ በሚባሉት ባለቤቶች ግቢ ውስጥ አናጢዎቹ አንድን እንጨት ጠርበው ካዘጋጁ በኋላ፣ እንጨቱ የሚገባበትን የመርከብ ክፍል በፊደል ምልክት ያደርጉበት ነበር። ለግራ ጎን የሚሆነው በአንድ ፊደል፣ ለቀኝ ጎን የሚሆነው በሌላ ፊደል፣ የግራው ፊት፣ የግራው ኋላ፣ የቀኙ ፊትና የቀኙ ኋላ ደግሞ በሁለት ሁለት ፊደላት ይለያሉ። ፍሬደሪክ እነዚህን ምልክቶች እያየ፣ ትርጉማቸውን እየጠየቀ አራት ፊደላትን አጠና። ከዚያም መጻፍ የሚችል ልጅ ባገኘ ቁጥር፣ ከአንተ እበልጣለሁ እያለ በመወራረድ የማያውቃቸውን ፊደላት ያወጣጣ ነበር። ደብተሩ የሰፈሩ አጥር፣ የጡብ ግድግዳና የመንገዱ ንጣፍ፤ ብዕሩም የጠመኔ ቁራጭ ነበር።

ይህ ዝርዝር ከቁም ነገር የሚገባው ስለ ግቢው ሥራ የሚነግረን ነገር ስላለ ነው። የእንጨት መርከብ ብዙ ሰዎች ለየብቻ ጠርበው ያዘጋጁት እንጨት በአንድ አካል ላይ የሚገጣጠምበት ሥራ ነው። አንዱ የጠረበውን ሌላው እንዲያውቀው የጽሑፍ ምልክት የግድ ያስፈልጋል። ሥራው ራሱ ፊደልን አደባባይ አውጥቶ አስቀምጦታል፤ የባሪያ አሳዳሪው ክልከላ በቤት ውስጥ ቢሠራም፣ በግቢው ውስጥ ሊሠራ አልቻለም።

የጋርድነር ግቢ

በ1833 ፍሬደሪክ ከባልቲሞር ተወስዶ ወደ ገጠር ተመለሰ። በ1834 ባሪያ ሰባሪ በመባል ለታወቀው ለኤድዋርድ ኮቪ ተከራየ፤ ብዙ ከተገረፈ በኋላም አንድ ቀን ተናንቆ መከተው። በ1836 ጸደይ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በታንኳ ወደ ሰሜን ለማምለጥ ያሰበው ዕቅድ ተነቃበት፤ ታሰረ። ቶማስ ኦልድ ወደ ሩቅ ደቡብ ሊሸጠው ሲችል፣ ሙያ እንዲማር በማለት እንደገና ወደ ባልቲሞር ሰደደው።

ሂው ኦልድም ለዊልያም ጋርድነር ግቢ አከራየው። ግቢው በዚያን ጊዜ ለሜክሲኮ መንግሥት ሁለት ትላልቅ ባለ ሁለት ምሰሶ የጦር መርከቦች ይሠራ ነበር። መርከቦቹ በሐምሌ ወደ ውኃ ካልወረዱ ጋርድነር ብዙ ገንዘብ ይቀጣ ስለ ነበር፣ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ይካሄዳል። ሙያ ሊማር የገባው የ18 ዓመት ወጣት ወደ 75 ለሚሆኑ አናጢዎች ታዛዥ ሆነ። አንዱ ግንድ አንሳ ሲለው፣ ሌላው ውኃ ቅዳ ይለዋል፤ ሦስተኛው መጋዝ፣ አራተኛው እሳት ይጠይቃል። ስምንት ወር በዚህ ሁኔታ ቆየ።

በግቢው ነጭና ነጻ ጥቁር አናጢዎች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ነጮቹ በድንገት ሥራ አቆሙ፤ ምክንያታቸውም ጥቁሮቹ ካልተባረሩ ሙያውን ይወስዱብናል የሚል ነበር። የተጠሉት ነጻዎቹ ጥቁር አናጢዎች ቢሆኑም፣ ቁጣው ባሪያ ለነበረው ለፍሬደሪክም ተረፈ። አራት ነጭ የሙያ ተለማማጆች በጡብ ስባሪና በከባድ ዘንግ ታጥቀው ከፊት፣ ከኋላና ከግራ ቀኝ ከበው ደበደቡት፤ የግራ ዓይኑም ሊጠፋ ደረሰ። ወደ 50 የሚሆኑ አናጢዎች ቆመው ሲመለከቱ፣ የገላገለው አንድ እንኳ አልነበረም።

ሂው ኦልድ ተቆጥቶ ወጣቱን ይዞ ወደ ዳኛ ሄደ። ዳኛው የነጭ ምስክር ጠየቀ። በሜሪላንድ ሕግ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ ሊመሰክር አይችልም ነበርና፣ የተደበደበው ሰው ፊቱ አብጦ ደም እየፈሰሰው በዳኛው ፊት ቢቆምም ቃሉ ዋጋ አልነበረውም። ከ50ዎቹ ነጮች መካከል ሊመሰክር የቀረበ ስላልተገኘ ክሱ በዚያው ተዘጋ።

ዳግላስ በ1855 መጽሐፉ ይህን ጠብ ሲተነትን፣ ነጩን ሠራተኛ በጭካኔው ብቻ አልለካውም። የባሪያ ጉልበት ያለ ምንዳ የሚገኝ ከሆነ፣ ነጩ ሠራተኛ ከነጻ ጉልበት ጋር ሊወዳደር ነው፤ ስለዚህ ሥርዓቱ ባሪያውን በግልጽ፣ ነጩን ድኻ ደግሞ በስውር ይዘርፋል። አሳዳሪዎቹ ግን የነጩ ቁጣ ወደ ሥርዓቱ እንዳይዞር፣ ጥቁሩን ጠላቱ አድርገው ያሳዩታል። ይህ ትንታኔ በመርከብ ግቢ ውስጥ ከተቀበለው ቁስል የወጣ የምጣኔ ሀብት ሐሳብ ነው።

የደፋኙ ሙያ

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሂው ኦልድ ፎርማን ሆኖ ወደሚሠራበት ወደ ዋልተር ፕራይስ ግቢ ወሰደው። ፍሬደሪክ በዚያ የመርከብ ስንጥቅ መድፈን ተማረ። በዚህ ጽሑፍ ደፋኝ የተባለው ይህን ሙያ የያዘ ሰው ነው።

የእንጨት መርከብ ሳንቃዎች ምንም ያህል ተስተካክለው ቢገጠሙ በመካከላቸው ክፍተት አይጠፋም። ደፋኙ ከአሮጌ የመርከብ ገመድ የተፈታ ቃጫ ይወስድና በእጁ እያዞረ ይጠቀልለዋል፤ ከዚያም በአፈ ሰፊ የብረት መሮና በእንጨት መዶሻ እየመታ በክፍተቱ ውስጥ ያስገባዋል። ቃጫው በደንብ ከጠበቀ በኋላ የፈላ ቅጥራን ይፈስስበታል፤ ቅጥራንን የአማርኛ አንባቢ ከኖኅ መርከብ ታሪክ ያውቀዋል። ቃጫው ከላላ ውኃ ያስገባል፤ ከመጠን በላይ ከተመታ ደግሞ ሳንቃውን ሊያላቅቅ ይችላል። ልኩን የሚያውቀው የደፋኙ እጅና ጆሮ ነው።

ይህ ሥራ አዲስ መርከብ ሲሠራ አንድ ጊዜ ተከናውኖ የሚያበቃ አይደለም። መርከቡ በማዕበል ሲወዛወዝ ሳንቃዎቹ ስለሚንቀሳቀሱ የቆየው ቃጫ ይበሰብሳል፤ ይላላል። ስለዚህ መርከቡ በየጊዜው ከውኃ እየወጣ ወይም ወደ ጎን እየተጋደመ፣ አሮጌው ቃጫ ተጎርጉሮ በአዲስ መተካት ይኖርበታል። በአዲስ ሥራም በጥገናም ደፋኝ ዘወትር ይፈለግ ነበር ማለት ነው። በባልቲሞር ይህን ሙያ በብዛት የያዙት ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ነጻ ሰዎች ነበሩ። ፍሬደሪክ በአንድ ዓመት ውስጥ ለተካኑ ደፋኞች የሚከፈለውን ከፍተኛ ምንዳ ማለትም በቀን 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ማግኘት ጀመረ።

ሙያው ከምንዳው ሌላ ማኅበርም ሰጠው። ነጻ የነበሩት ወጣት ደፋኞች በመሠረቱት የምሥራቅ ባልቲሞር የአእምሮ ማሻሻያ ማኅበር ውስጥ ገብቶ በክርክር ይሳተፍ ነበር። ባሪያ ለማኅበሩ አባልነት የማይፈቀድለት ቢሆንም ለእርሱ በሩን ከፈቱለት። ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ነጻ ሴት ከአና መሪ ጋር የተዋወቀውም በዚህ ክበብ አካባቢ ነው።

የቅዳሜ ማታ ሒሳብ

ፍሬደሪክ ሥራውን ራሱ ይፈልጋል፤ ውሉን ራሱ ይዋዋላል፤ ገንዘቡንም ራሱ ይቀበላል። ቅዳሜ ማታ ግን እያንዳንዱን ሳንቲም ለሂው ኦልድ ያስረክባል። ኦልድ ገንዘቡን ቆጥሮ ይህ ብቻ ነውን ሲል ይጠይቀዋል። አንዳንድ ጊዜ 6 ዶላር ሲያስረክብ 6 ሳንቲም ይመለስለታል። ዳግላስ ይህች ትንሽ ስጦታ ከማስደሰት ይልቅ እንዳስቆጣችው ጽፏል፤ ጥቂት መመለሱ ሙሉው የእርሱ መሆኑን እንደ ማመን ሆኖ ታይቶታልና። በእርሻ ላይ የሚሠራ ባሪያ የጉልበቱን ዋጋ በቁጥር አያየውም። ደፋኙ ግን በየሳምንቱ በእጁ ይዞ ይቆጥረዋል፤ ከዚያም ይነጠቃል።

በ1838 ጸደይ ፍሬደሪክ ጊዜውን ራሱ እንዲከራይ ጠየቀ። ሂው ኦልድም በሳምንት 3 ዶላር እንዲከፍለው፣ ምግቡን፣ መኖሪያውን፣ ልብሱንና የሥራ መሣሪያውን ራሱ እንዲችል አድርጎ ፈቀደለት። ወጪው ሲደመር በሳምንት ወደ 6 ዶላር ይደርስ ነበር። ዝናብ ቢዘንብ ወይም ሥራ ቢጠፋ ሦስቱ ዶላር አይቀርም። አሳዳሪው የባሪያ ባለቤትነትን ጥቅም ያለ ባለቤትነት ወጪ ያገኛል፤ ሠራተኛው ደግሞ የባሪያንና የነጻ ሰውን ሸክም አንድ ላይ ይሸከማል። ያም ሆኖ ፍሬደሪክ ቀንና ሌሊት እየሠራ ጥቂት ገንዘብ አጠራቀመ። ነሐሴ ላይ ከከተማ ውጪ ወደ ተደረገ የጸሎት ጉባኤ ሄዶ የቅዳሜውን ክፍያ ስላዘገየ ኦልድ ፈቃዱን ሻረ። ፍሬደሪክም ለማምለጥ ቆረጠ። እንዳይጠረጠር በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ተግቶ ሠራ፤ ከ8 ዶላር በላይ ባስረከበ ጊዜ ኦልድ ተደስቶ 25 ሳንቲም ሰጠው።

የመርከበኛ ልብስ

በሜሪላንድ ነጻ ጥቁሮች የነጻነት ወረቀት መያዝ ነበረባቸው። ፍሬደሪክ ከአንድ ነጻ መርከበኛ ወዳጁ በላዩ የአሜሪካ ንስር የታተመበት የመርከበኛነት ማረጋገጫ ወረቀት ተዋሰ። በወረቀቱ የተገለጸው መልክ ከእርሱ መልክ ጋር በደንብ አይገጥምም ነበር። ስለዚህ እምነቱን የጣለው በአለባበሱና በአነጋገሩ ላይ ነው፤ ቀይ ሸሚዝ፣ የመርከበኛ ባርኔጣና በአንገቱ የላላ ጥቁር ክራባት አደረገ። በግቢው ባሳለፋቸው ዓመታት መርከብን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውቅ ስለ ነበር፣ እንደ ባሕር ሰው መናገር አልከበደውም። አና መሪም ለጉዞው በገንዘብ ረዳችው።

መስከረም 3 ቀን 1838 በባቡር ተሳፈረ። ተቆጣጣሪው የንስሩን ምስል አይቶ አለፈው። ከጥቂት ቀን በፊት በፕራይስ ግቢ የመንግሥት የቀረጥ ጥበቃ መርከብ ሲጠግን ያየው ካፒቴን በተቃራኒ አቅጣጫ በቆመ ባቡር መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ሆኖም አላየውም። በደንብ የሚያውቀው አንድ ጀርመናዊ ቀጥቃጭ ደግሞ በዚያው ባቡር ተሳፍሮ አተኩሮ ተመለከተው፤ ነገር ግን ዝም አለ። ሙያው መደበቂያ የሆነለትን ያህል መታወቂያም ሆኖበት ነበር። በባቡር፣ በጀልባና በእንፋሎት መርከብ ተጉዞ አንድ ቀን ሳይሞላ ኒው ዮርክ ገባ። አና ተከትላው መጣች፤ መስከረም 15 ቀን ተጋቡ።

ኒው ቤድፎርድ

በኒው ዮርክ ስደተኞችን ይረዳ የነበረው ዴቪድ ራግልስ ሙያውን ጠይቆ ደፋኝ መሆኑን ሲሰማ፣ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች ወደሚዘጋጁበት ወደ ማሳቹሴትሱ ኒው ቤድፎርድ እንዲሄድ መከረው። በዚያ የተቀበለው ኔተን ጆንሰን ዳግላስ የሚለውን ስም አወጣለት።

ሮድኒ ፍሬንች የተባለ ባርነትን የሚቃወም ባለ ሀብት ለጉዞ በሚዘጋጅ መርከቡ ላይ የደፋኝነት ሥራ ሰጠው። ዳግላስ መሣሪያውን ይዞ ወደ መርከቡ ሲሄድ ግን፣ እርሱ አንድ ጊዜ እንኳ መዶሻ ቢያነሣ ነጮቹ ሁሉ ሥራ ጥለው እንደሚሄዱ ተነገረው። በሙያው በቀን 2 ዶላር ሊያገኝ ሲችል፣ በቀን ሠራተኝነት በ1 ዶላር ለመኖር ተገደደ። እንጨት ፈለጠ፤ ከሰል ተሸከመ፤ የዘይት በርሜል አንከባለለ። በነሐስ ማቅለጫ ቤት ወናፍ በሚነፋበት ጊዜም ጋዜጣ በምሰሶ ላይ በምስማር ቸክሎ ያነብ ነበር።

በባልቲሞር ሙያው ነበረው፤ ምንዳው ግን የእርሱ አልነበረም። በኒው ቤድፎርድ ምንዳው የእርሱ ሆነ፤ ሙያው ግን ተዘጋበት። ዳግላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘውን የራሱን ገንዘብ ደስታ በሰፊው ቢገልጽም፣ ይህን ክልከላ ሳይመዘግብ አላለፈም። በነሐሴ 1841 በናንታኬት ደሴት በፀረ ባርነት ጉባኤ ላይ ተናግሮ የማኅበሩ ተናጋሪ ሆኖ ሲቀጠር፣ ዳግመኛ ወደ ደፋኝነት አልተመለሰም።

ሙያውና የኋላ ዘመኑ

የ1845ቱ መጽሐፉ ማንነቱን ስለ ገለጠ፣ ዳግላስ ወደ ብሪታንያና አየርላንድ ተሻገረ። በዚያ ያፈራቸው ወዳጆች በ1846 መጨረሻ ለሂው ኦልድ 150 ፓውንድ፣ በአሜሪካ ገንዘብ 711 ዶላር ያህል ከፍለው ነጻነቱን ገዙለት። በቀን 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚያገኝ ደፋኝ በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ፣ ይህን ገንዘብ በ79 ሳምንት ያገኘዋል። የሰውዬው የዕድሜ ልክ ዋጋ ተብሎ የተከፈለው፣ የመዶሻው የአንድ ዓመት ተኩል ፍሬ ነበር።

ባርነት ከተሻረም በኋላ የግቢው ጠብ አላበቃም። በ1865 የባልቲሞር ነጭ የመርከብ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ጥቁር ደፋኞችን ከግቢዎቹ አስወጡ። አይዛክ ማየርስ የተባለ ጥቁር ደፋኝና ጓደኞቹ የአምስት ዶላር አክሲዮን እየሸጡ ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በ1866ም መርከብ ከውኃ ወጥቶ የሚጠገንበት የራሳቸውን ኩባንያ በፌልስ ፖይንት ከፈቱ። ኩባንያው እስከ 1884 ቆየ። ማየርስ በ1869 የተመሠረተው የጥቁር ሠራተኞች ብሔራዊ ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ዳግላስም በኋላ በቦታው ተተክቷል። በዚያው በ1869 የዳግላስ ልጅ ሉዊስ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ሳለ፣ በዋሺንግተን የሚገኘው የአታሚዎች ማኅበር አባል አላደርግም ብሎት ነበር። አባት በመርከብ፣ ልጅ በማተሚያ አንድ ዓይነት በር ተዘጋባቸው።

ዳግላስ በ1892 በፌልስ ፖይንት፣ በወጣትነቱ ይጸልይበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን በነበረበት መሬት ላይ፣ ለጥቁር ነዋሪዎች የሚከራዩ አምስት ተያያዥ ቤቶች አሠራ። የካቲት 20 ቀን 1895 በዋሺንግተን አረፈ።

ማጠቃለያ

የዳግላስ የመርከብ ግቢ ዓመታት ሦስት ነገሮችን ያሳያሉ። አንደኛ፣ መጻፍ የጀመረበት ምልክት የሙያው የሥራ ቋንቋ ነበር፤ ስለዚህ የባሪያዎችን ትምህርት የሚያጠና ሰው ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በተጨማሪ የሥራ ቦታን መመልከት ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የከተማ የእጅ ሙያ ለባሪያው የተወሰነ መላወሻ ሲሰጠው፣ የሚዘረፈውንም መጠን በቁጥር አሳይቶታል፤ ያን ቁጥር በየሳምንቱ ማየቱ ለማምለጥ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ሦስተኛ፣ የሕግ ነጻነትና የሙያ ነጻነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የኒው ቤድፎርድ ገጠመኙ ያስረዳል። ሕጉ የሰውን አካል ከባርነት ሊፈታው ይችላል፤ የተማረውን ሙያ እንዳይሠራ ጓደኞቹ ሲከለክሉት ግን ሕጉ ዝም ይላል። ዳግላስ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ስለ ምንዳ፣ ስለ ሙያ ትምህርትና ስለ ሠራተኛ ማኅበራት በተናገረ ጊዜ፣ የሚናገረው ከፕራይስ ግቢ በተማረው ልክ ነበር።